ሚስቴ እግሬን ያጠበች ዕለት

ሞኝ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ላሊበላ ብቅ በሉ፤ ባጃጄ ላይ ተቀምጬ ታገኙኛላችሁ። ሚስቱ ስትደውል ባጃጁን ዳር አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ተሳፋሪ እየሰደበው ስልክ የሚያነሳ ሹፌር ካያችሁ እኔ ነኝ። ይሄን አመል ያመጣብኝ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ወታደር ሳለሁ፣ በገና ዋዜማ የሆነ ነገር ነው።

የነበርንበት ካምፕ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ሽሮ ያለ እሳት ያንተከትካል። ኔትወርክ የሚገኘው የውሃ ቦቴው ከሚቆምበት ጎን አንዲት ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስንፈታ ሁላችንም እዚያች ላይ እንሰፍራለን። ሌላው ወታደር ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ያንሾካሹካል። እኔ ግን ድምፁን ለቅቄ ለሁሉም አሰማ ነበር።

"ጸጥታ! መንግሥት ደወለች!" ስል ጉብታው በሳቅ ይናጋል።

ሚስቴ ስንዱ "ኧረ አንተ፣ ሰው አለ እንዴ?" ትላለች።

"ማንም የለም፤ ሻለቃው ብቻ ነው" እላታለሁ። ደግሞ ሳቅ። ካምፑ ውስጥ ስሜ ራሱ "ሬዲዮው" ነበር።

ስንዱ ላሊበላ ከተማ ከታች በኩል ባለችው ቤታችን ብቻዋን ነበረች። ከተጋባን ስምንት ዓመት ሆኖን ልጅ አልመጣልንም። እኔ በሰላም እንድመለስ ተስላ፣ በየዓመቱ ለገና ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን እንግዳ ደጃችን ላይ እያስቀመጠች እግሩን ታጥባለች።

የዚያን ዓመት የአምስት ቀን ፈቃድ አገኘሁ። ለስንዱ ግን "ዘንድሮ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፣ አትጠብቂኝ" ብዬ ዋሸኋት። ጋሸና ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ ጋቢ ገዛሁ። ከተማችን ልገባ ስል ዩኒፎርሜን ቀይሬ፣ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ከደላንታ በእግራቸው ከመጡ እንግዶች ጋር ተቀላቀልኩ። ሐሳቤ ስንዱ እግሬን አጥባ ስትጨርስ ጋቢውን ገልጬ "ሴትዮ፣ ተረከዙን ዘለልሽው!" ብዬ ማስደንገጥ ነበር።

ግን አንድ ችግር አለ። የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ ተፈናጥጣ ነው የምትኖረው። ስንዱ ያቺን ጣት "ባለ ፈረሷ" ነው የምትላት። ስለዚህ የቆሰለች አስመስዬ በጨርቅ ጠቀለልኳት። ይታያችሁ ብልጠቴ!

ድምፄንም እንዳታውቀው ዲዳ ሆንኩ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ ውሃ እያቀረቡ "ከወዴት መጣህ አባቴ?" ሲሉኝ አፌንና ጆሮዬን በእጄ አሳየኋቸው።

"ውይ! አይሰማም፣ አይናገርም፤ ምስኪን!" አሉ። "ስንዱዬ፣ ይሄንንስ ደህና አርገሽ እጠቢው።"

እኔ ዲዳ! የካምፑ ልጆች ቢያዩኝ ሁሉም በሳቅ ያብዱ ነበር።

ስንዱ ሳፋውን ይዛ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ከስታለች። ቀኙን አጠበች፤ ግራውን ያዘች። ጨርቁን ፈታች። ጣቴን አጥባ፣ ቀስ ብላ መልሳ አሰረቻት። ቀና እንኳ አላለችም። "አላወቀችኝም" ብዬ ሳቄን በጋቢው አፈንኩ።

እትዬ ጥሩ ውሃ ሊቀዱ ሄዱ። ያኔ ስንዱ እንዳጎነበሰች፣ እግሬን የምታናግር ይመስል፣ ወሬ ጀመረች።

"አንተስ አትሰማም፤ ደግ ነው። በጥቅምት ልጅ ወረደብኝ። አራት ወር ሆኖት ነበር። ባሌ ማርገዜንም አያውቅ። ልነግረው ስደውል ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እስቲ ነገ እላለሁ። የወረደብኝ ቀን ጤና ጣቢያ ተኝቼ ደወልኩለት። ያው 'መንግሥት ደወለች' አለ። ሳቁ። ሰላም ነኝ ብዬ ዘጋሁት። ልጁም ሳልነግረው መጥቶ ሳልነግረው ሄደ።"

ያ ቀን ትዝ አለኝ። "ድምፅሽ ምነው ቀጠነ? ውሽማሽን እንዳትቀሰቅሺው ነው?" ብያት ነበር። ጉብታው እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ሳምንት ሙሉ እየደጋገሙ ሲስቁበት እኔም ኮርቼበት ነበር።

ጋቢውን መግለጥ ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ስንዱ እግሬን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፤ እንደ ልማዱ ሳመችው፤ አንድ እፍኝ ቆሎ እጄ ላይ አደረገች። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። ከጥይት ያልሸሸሁ ሰውዬ ከገዛ ደጄ ሸሸሁ።

ሕዝቡ መሃል አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቆሎውን ጨብጬ ምን እንደምላት ሳስብ ቆየሁ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም አደረግኩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዩኒፎርሜን ለብሼ ተመለስኩና ከደጅ ሆኜ "መንግሥት! ወታደርሽ እጁን ሰጥቷል!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ስንዱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ እሷም ሳቀች።

"እንዴት ከረምሽ?" አልኳት።

"ሰላም ነኝ" አለች።

አምስቱ ቀን በቀልድ አለቀ። ወደ ካምፕ ተመለስኩ። ድምፁን ለቅቄ ማውራት ግን ተውኩ። ልጆቹ "ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ" አሉኝ።

ከሠራዊቱ ከወጣሁ አሁን አራት ዓመቴ ነው። ሌላ ልጅ አልመጣም። ባለፈው ገና ስንዱ ሳፋዋን አውጥታ ስትፈትግ አላስችል አለኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጋቢውን፣ ጨርቁን፣ መሸሼን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ሳልጨምርበት አወራሁ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ መፈተጓን ቀጠለች።

"ጨርቁን ስፈታ ባለ ፈረሷን ያላየሁ መስሎሃል?" አለችኝ።

"አውቀሽኝ ነው ያን ሁሉ የነገርሽኝ?"

"ታዲያ ለማን ልንገር? አንድ ቀን አፍህን ዘግተህ አገኘሁህ።"

"ከዚያስ? ምነው ዝም አልሽኝ?"

ውሃውን ደፋችና ሳፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

"ወጥተህ ስትሄድ ይመለሳል ብዬ ደጅ ቆሜ ነበር" አለች። "ዲዳውን ስጠብቅ ቀልደኛው መጣ።"