በአመድ የተጣራ ውሃ

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከገበያው በታች በሚወርደው ወንዝ ዳር ቆዳ ይፍቅ ነበር። በደርግ ጊዜ ማንም በሙያው እንዳይሰደብ ስለታዘዘ፣ ስብሰባ ላይ «የእጅ ባለሙያ» ይሉታል። ስብሰባው ሲበተን «ፋቂ» የሚለው የድሮው ስሙ ይመለሳል።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃችን መጣ። ከእኛ በታች ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ከሰውን ነበር፤ የቆዳው እጣቢ ወንዙን ስላጠቆረው ከብት እንኳ አሽትቶ ይመለሳል። «ጓድ፣ ወይ ውሃውን ያጥሩት፣ ወይ ከከተማው ይውጡ» አለው አባቴን። መውጣት ማለት ገበያ ወደሌለበት የጉና ተራራ ብርድ መሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቆሜም ተቀምጬም አላረፍኩም።

የጤና ጣቢያው ሠራተኛ መላ ሰጠን፦ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ከታች ጠጠር ከላይ አመድ ሞልተን፣ እጣቢውን በዚያ እንድናሳልፍ። አመዱን ግን ከየት እናምጣ? ለፋቂ የምድጃውን አመድ የሚሰጥ ጎረቤት የለም፤ በአመዱ በኩል ቡዳ ይበላናል ብለው ይፈራሉ። ከዳቦ ቤቱ በጆንያ ተሸከምኩ፤ አውድማ ላይ የተረፈ የገብስ ገለባም አቃጠልን።

አባቴ አመድ መምረጥ ያውቃል። የቆዳ ጠጉር የሚመልጠው አዲሱና ኃይለኛው አመድ ስለሆነ ለጉድጓዱም ያንኑ መረጠ። የወጣው ውሃ ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ እጅ የሚልጥ ሆነ። እናቴ መዳፏን እያየች «ደግሞ እኛንም ሊፍቀን ነው» አለች። የጤና ጣቢያው ሰው ይህን ሲያይ፣ ዝናብ ደጋግሞ ያጠበው አሮጌ አመድ ፈልጉ አለን።

እንዲህ ያለው አመድ የነበረው ከተማው ዳር ባለው የአመድ ቁልል ላይ ብቻ ነው። ሰይጣን ያርፍበታል ስለሚባል ማንም አይረግጠውም። እኔ ረገጥኩት። ፈርቻለሁ፣ ግን ከጉና ብርድ አይብስም አልኩ። አመዱን ከቀየርን በኋላ ደግሞ አሁንም አሁንም እየወረድኩ ውሃውን አያለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ስላፈጠጥሽበት አይጠራ» ትለኛለች እናቴ።

ሊቀመንበሩ በቅሎውን እየሳበ መጣ። ሴቶቹም እንስራቸውን አዝለው ቆሙ። በቅሎዋ የወንዙን ውሃ አሸተተችና አንገቷን መለሰች። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ እንደገና ዝቅ ብላ እስክትጠግብ ጠጣች።

«በቃ፣ እዚሁ ይቀመጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

ደስታዬ ያደረው አንድ ሌሊት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ የጠራውን ውሃ እያለፉ፣ ዳገቱን ወደ ላይኛው ምንጭ ሲወጡ አየሁ። «የሰይጣን አመድ፣ በዚያ ላይ የፋቂ» አለች አንዷ፣ እንድሰማት ብላ።

«ለበቅሎ ሆነ፤ ለሰው ገና ነው» ብላ እናቴ ወደ ቤት ገባች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ወንዙ ዳር ወረድኩና ዓይናቸው እያየ በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁ። አመድ አመድ ይላል። ደገምኩት።