ለልጄ ጉልበት የመረጥኩት

ሰው ሲመጣ ፊቱን አላይም፤ መጀመሪያ የማየው ጉልበቱን ነው። ይህ ልማድ ከያዘኝ ብዙ ዘመን ሆነ። አውቶቡስ ከጎንደር መጥቶ ሸሕዲ ሲቆም፣ ተሳፋሪው ሲወርድ፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ አዙሮ የሚረግጥ ወንድ ካየሁ ወደ እሱ እጠጋለሁ። ልጄ እንደዚያ ነበር የሚረግጠው። ከዚያ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ። ሌላ ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው በሞተር ነው። በደርግ ጊዜ፣ ልጄ ገና ጢሙ ሳይሞላ፣ ገንዳ ውሃ ላይ ለወባ ሥራ በጊዜያዊነት ተቀጠረ። ከደጋ ለአጨዳ የሚመጡት ሠራተኞች በየሰሊጡ እርሻ መካከል ካምቦ ሠርተው ያድራሉ። እሱ በየካምቦው እየዞረ የታመመውን ደም በመስታወት ላይ ወስዶ ያመጣል፣ ክኒን ያድላል። ለዚህ ሞተር ሰጡት። አባቱን የቀማኝ የዚሁ ቆላ ንዳድ ነውና ሥራውን አልጠላሁትም። የጠላሁት ሞተሩን ነው።

የእኛ መሬት ዋልካ ነው። በክረምት ይውጣል፤ በበጋ ደግሞ ተሰንጥቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። መንገድ የሚባለው ትራክተር የሄደበት ፋና ነው። ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ነጂው እንዳይወድቅ እግሩን ይተክላል። ሞተሩ ይሄዳል፣ እግሩ እዚያው ይቀራል፣ መካከል ላይ ያለው ጉልበት ይጠመዘዛል። ይህን ያወቅሁት ከልጄ በፊት ያንን ሞተር ይነዳ ከነበረው ከጎረቤቴ ልጅ ነው። ከኮኪት ወዲህ ወድቆ፣ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ አጋድመው ሲያመጡት ጉልበቱ ቅል አክሎ ነበር። እብጠቱ ወረደ፤ እግሩ ግን አልታጠፍም ብሎ ቀረ። ሲሄድ ወደ ጎን ይወረውረዋል፣ ከዚያ ይጎትተዋል። እናቱ ውሃ ስንቀዳ ታለቅስ ነበር። እኔም ልጇ እንደ ሞተባት ሁሉ "እግዜር ያጽናሽ" አልኳት።

የሱን ሞተር ልጄ ሲረከብ እንቅልፍ አጣሁ።

ገላባት ገበያ፣ ከድንበሩ ማዶ፣ የሞተረኛ ጉልበት መከላከያ አለ ሲሉ ሰማሁ። ከመሄዴ በፊት ልጄ እሑድ ቀን አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ጉልበቱን ክር አዙሬ ለካሁት፣ ክሩን ቋጠርኩት፣ በመቀነቴ ይዤ ተሻገርኩ። ሱዳኑ ነጋዴ ከዕቃው መሀል ያወጣልኝ ፊቱ ላይ እንደ ጣሳ የጠነከረ ላስቲክ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ነገር ነው።

"ኸዋጃ የለበሰው ነው" አለኝ። "በረሃውን በሞተር ያቋረጠ ኸዋጃ፣ ፈረንጅ።"

"ኸዋጃው ራሱ የት አለ?"

"አገሩ ገባ።"

"በእግሩ?"

ሳቀ። በቡጢ መታሁት፣ አልተበገረም። የቋጠርኩትን ክር አዞርኩበት፣ ልክ ነው። በማር ለወጥኩትና መጣሁ።

ልጄ ቆሞ ሲያጠልቀው አማረበት። ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ከጉልበቱ ኋላ ያለውን ሥጋ ነከሰው። ኮኪት ሳይደርስ እግሩ ደንዝዞ አውልቆ ከረጢቱ ከተተው። እኔ እንደ ሱሪ በተዘረጋ እግር ለክቼ፣ ሞተረኛ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ እንደሚውል አላሰብኩም። ይህን የነገረኝ በረባሶ የሚሠራው ሰውዬ ነው። ከረኩባው፣ ከሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጎማ ይቆርጣል፤ ምላሱ ከቢላዋው የተሳለ ነው።

"ከየትኛው ጎማ ይሁንልሽ?" አለኝ። "ከመኪናው ወይስ ከትራክተሩ?"

"የማይሰበረው።"

"ልጅሽን ነው ወይስ ጋሪ ነው የምታለብሺው? ይልቅ ልጁን አምጪው። ጉልበቱን ያጥፍ፣ ታጥፎ ነው የሚለካው።"

ልጄን አስቀምጦ፣ ጉልበቱን አሳጥፎ፣ ጎማውን ጎድጎድ አድርጎ ቆረጠለት። ማሰሪያውን ከከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ አበጀ፣ እንዲሳብ። ልጄ አጥልቆት ወደ ራሱ እግር አየና "እማ፣ ግመል አደረግሽኝ" አለ። እውነቱን ነው፤ የግመል ጉልበት የሚንበረከክበት ቦታ እንደዚያ ነው የሚጠነክረው። ካምቦ ሲደርስ የወሎና የጎጃም ልጆች "ክኒን የጫነው ግመል መጣ" እያሉ ይቀበሉት ጀመር።

ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ሲወጣ ድምፁ ሌላ ነገር አያሰማም። ስለዚህ እኔ ከአጥሩ ጥግ ሆኜ የራሴን ጉልበት መታ መታ አደርጋለሁ፣ አስረሃል ወይ ማለቴ ነው። እሱም የሱን መታ መታ ያደርጋል። አስሬያለሁ። እንዲህ ሳያደርግ የወጣበት ቀን የለም።

ሁለት ጊዜ ወድቆ ቆዳው እንኳ አልተላጠም። በሦስተኛው ግን ሞተሩን እየገፋ በእግሩ መጣ። የጎማው መከላከያ ደህና ነው፤ ጉልበቱ ከጎኑ አብጧል።

ወጌሻው ዘንድ ወሰድኩት። አጥንት ሲጠግኑ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና "አልተበጠሰም፣ ተቆጥቷል" አሉ።

"አባቴ፣ ይህን ሁሉ ጎማ አስሬለት ምን ሆኖ ነው?"

"አንቺ ያሰርሽው ለድንጋይ ነው። የጉልበት ጠላቱ ድንጋይ አይደለም፣ መዞር ነው። በርሽን አስቢው። ሲከፈት ሲዘጋ ማጠፊያው ይችላል። በጎን ብትገፊው ይነቀላል።"

"እንግዲያው እንደ ስብራት በሽመል ይሰሩልኝ።"

"እኔ ስብራት የማስረው እንዳይታጠፍ ነው። እሱ እንዳይታጠፍ ካሰርኩት እንዴት ይነዳል? እንዲታጠፍ፣ ግን ወደ ጎን እንዳይሄድ፣ እሱ ነው ሥራው።"

ሰባት ቀን ቆዩበት። ለአንዱ ጉልበት አራት የሽመል ስንጣቂ፦ ሁለቱ ከጉልበት በላይ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ከጉልበት በታች፤ መገናኛው ላይ የበሬ ማጅራት ቆዳ። ፊቱ ላይ የበረባሶ ሠሪውን ጎማ እኔው ሰፋሁበት። ቆዳው እንዳይደርቅ የሰሊጥ ዘይት ቅቢው አሉኝ። ሲላላም ቶሎ አምጪው፤ የላላ ማሰሪያ ጭራሽ ካለማሰር ይብሳል፣ ሰውየው አለኝ ብሎ ይደፍራል አሉ። የኸዋጃውን መከላከያ ሣጥን ውስጥ ጣልኩትና ይህን መረጥኩ።

በሁለተኛው በጋ የፊት ጎማው ስንጥቅ ገባ፣ ልጄ እግሩን ተከለ፣ ሞተሩ ዞረበት። ሽመሉ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ጉልበቱ ምንም አልሆነ። የተተረተረውን ሽመል እየሳቀ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። እኔ ሳምኩት፣ ሽመሉን። ወጌሻው በቦታው አዲስ ተኩልኝ። ይህንን ጉልበት ያተረፍኩ እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። አሁን ሳስበው ያ ቀን ያስፈራኛል።

ውትድርናው ግዴታ ከሆነ በኋላ ቀበሌው ስም ይጽፍ ጀመር። አንድ ቀን የሁለቱም ስም ተጠራ፣ የጎረቤቴ ልጅና የእኔ። ከሦስት ቀን በኋላ ለምርመራ ቅረቡ ተባለ። በማግስቱ ወጌሻው ሰው ልከው አስጠሩኝ። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እስካሁን የሚጠብቅ ማሰሪያ ሠርቼልሻለሁ። የሚያሳብጥም አውቃለሁ። ሁለት ሌሊት ባስረው እንደ ቅል ያብጣል። ምርመራውን ይወድቃል፤ ወር፣ ሁለት ወር ያነክሳል። ከዚያ እኔው እመልሰዋለሁ።"

"ባይመለስስ?"

"አልዋሽሽም። ላይመለስም ይችላል።"

እንደ ጎረቤቴ ልጅ ይሆናል? አልኩ በሆዴ። እግሩ ሲወረወር፣ ሲጎተት ይታየኛል። እናቱን እግዜር ያጽናሽ ያልኳትም ታወሰኝ። ሁለት ዓመት ዘይት እየቀባሁ የጠበቅሁትን ጉልበት በእጄ አምጥቼ ላስሰብር? ደግሞም የልጄ አለቃ ለወባ የሚሠራ አይነካም ብሎታል ሲባል ሰምቼ ነበር። እሱን ተስፋ አደረግሁ።

"አይሆንም፣ አባቴ" አልኳቸው። "ጉልበቱን አላስነካም።"

"አንቺ ታውቂያለሽ" አሉ። ለልጄም አልነገርኩት። ይኸው ነው የኔ ነገር፤ እሱን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ምርመራው ሜዳ ላይ ነበር። እናቶች ከአጥር ውጭ ቆመናል። ወረቀት የያዘው ሰው "ቁጭ በል። ተነስ። ሩጥ" ይላል። የጎረቤቴ ልጅ ቁጭ በል ሲባል እግሩ እንጨት ሆኖ በጎኑ ወደቀ። ሳቁበት፣ ሂድ አሉት። እየወረወረ፣ እየጎተተ ወደ እናቱ መጣ። እሷ እኔን አየችኝና ወዲያው ዓይኗን መለሰች።

ልጄ ቁጭ አለ፣ ተነሳ። እንደገና አሉት፣ እንደገና። እንደ ሞላ ነው የሚፈናጠረው። ጉልበቱ አልተንቋቋም፣ አልዘገየም። ለወባ ነው የምሠራው ሲላቸው "ቋሚ ነህ?" አሉት። "ጊዜያዊ።" ወደ ግራ ቁም አሉት። ግራ የቆመው ሁሉ በዚያው ዕለት መኪና ላይ ወጣ።

መከላከያዎቹን ከሞተሩ ላይ ፈትቼ እየሮጥኩ አመጣሁለት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

"እማ፣ እነዚህ ለሞተር ናቸው" አለኝ ከላይ ሆኖ። "አስቀምጫቸው፣ ስመለስ።"

ሞተሩ ተነሳ፣ የመኪናው። ሌላ አልሰማሁም። ከሰው መሀል ጎንበስ ሲል አየሁት፤ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አንድ መጣ፣ ከሰሜን። የሚያነብልኝ አልፈለግሁም፤ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኳትን ፊደል ይዤ ሦስት ቀን ራሴ አነበብኩት። መንገዱ ተራራ ነው፣ በእግር ብዙ እንሄዳለን፣ ጉልበቴ ግን ደህና ነው ይላል። ሁለተኛ አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ ተመለሰ። ሸሕዲ መንገድ ዳር ወር ሙሉ ቆሜ ስንት ጉልበት አየሁ። የእሱን አላየሁም። ሞቷል ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም።

የጎረቤቴ ልጅ ሰሊጥ ይመዝናል። አግብቶ ልጆች ወልዷል። ጠዋት በደጄ ሲያልፍ ይሰማኛል፤ አንዴ ይወረውረዋል፣ አንዴ ይጎትተዋል። "እንዴት አደሩ፣ እናቴ?" ይለኛል። እግዚአብሔር ይመስገን እለዋለሁ፣ ድምፁ እስኪጠፋ እቆጥራለሁ። እናቱ ውሃ ስንቀዳ አታለቅስም። እኔ ስመጣ ዝም ትላለች።

ወጌሻው ሞተዋል። መከላከያዎቹ ግድግዳዬ ላይ እንደታጠፉ ተሰቅለዋል፣ በእሱ ልክ። አዲስ ሰሊጥ በተጨመቀ ቁጥር ቆዳውን እቀባለሁ፣ ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ እስባለሁ። አልላላም።