ከቆቦ እስከ ዋጃ፦ ቼክኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ

ኅዳር 1966፣ ማክሰኞ። ቆቦ፣ ጎህ ሲቀድ

ወደ አላማጣ የሚያልፍ የጭነት መኪና ለምኜ ጋቢና ተሳፈርኩ።

ነገ በረሃብተኞች መጠለያችን «ደህና» ተብለው የተመዘገቡት ጥቂት እህል ተሰፍሮላቸው ወደየቀያቸው ይመለሳሉ፤ የደከሙት ብቻ ይቀራሉ። መዝጋቢዋም አስተርጓሚዋም እኔ ነኝ። ሐኪሙ የቼኮዝሎቫኪያ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ብዙ አይሻልም፤ የእኔም ልጅ ከወለድኩ በኋላ የተማርኩት ነው። ትናንት መዝገቡን አይተው «ሁሉም ደህና ከሆነ እኔ ለምን መጣሁ?» አሉና ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው እንድፈልግ አዘዙኝ። ከፋኝ። ከተባለው አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም።

በዝርዝሩ መጨረሻ ያለችው ዘሃራ ናት፤ ልጅ ያዘለች፣ ፊቷ ሞላ ያለ። እሷም ደህና ነኝ ብላለች። ስትወጣ ግን የድንኳኑን ምሰሶ ይዛ ቆመች።

መንገድ ላይ

ማሽላ የነበረበት ሜዳ ግራና ቀኝ ተሰነጣጥቋል። ሰዎች ወደ ቆቦ ይጓዛሉ። ሾፌሩ ሰይድ ጡሩንባ አይነፋም፤ እስኪያልፉ ይጠብቃል። ዋጃ ላይ አያ ሁሴን የሚባል አለ አለኝ፤ ቼክ አገር መካኒክነት ተምሮ የተመለሰ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛም የሚናገር። የማንም ተቀጣሪ አይደለም፤ ለጠራው ሁሉ ይሄዳል።

«ግመል ሲሸጥ፣ ደም ሲታረቅ መሐል የሚቀመጠው እሱ ነው። አብሽሪ፣ ታገኚዋለሽ።»

ዋጃ፣ ሦስት ሰዓት

አያ ሁሴን የሚፈጭ ጠፍቶ በተዘጋ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ጉዳዬን ሰምቶ፣ ሰዎቹን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠየቀኝ። ደህና ናችሁ ወይ እንደምል፣ እስላሙ አልሐምዱሊላህ፣ ክርስቲያኑ እግዜር ይመስገን እንደሚለኝ ነገርኩት። ሳቅ አለ።

«እንኳን ላንቺ፣ ለመልአከ ሞትም ደህና ነን ነው የሚሉት።»

የወሎ ልጅ ሆኜ ይህን አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ያልተባለ አልጽፍም ብዬ ነው።

«እመጣለሁ» አለ። «ጥያቄው ግን የእኔ ይሁን።»

ቆቦ፣ ዘጠኝ ሰዓት

አያ ሁሴን ጫማውን አውልቆ ከዘሃራ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰላምታውን አስረዘመው፤ ስለ ቀዬዋ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦

«ጎረቤት እሳት ልትጭር መጥታ ካንቺ ቤት ባዶ እጇን ከተመለሰች ስንት ጁምዓ ሆነ?»

ዘሃራ ልጇን አስተካክላ አቀፈች።

«አምስት። እነሱም ቤት አልነበረም።»

አምስት ሳምንት ምድጃዋ ላይ የተጣደ የለም ማለት ነው። አያ ሁሴን ለሐኪሙ በቼክኛ ነገራቸው። ምንም አልገባኝም፤ እሷ ካለችው ግን በጣም ረዘመ። ሐኪሙ ተንበርክከው እግሯን እንድትገልጥ ለመኗት። አውራ ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጫኑ። ሲያነሱት ቦታው እንደተሰረጎደ ቀረ። የፊቷ መሙላትም የረሃብ እብጠት ኖሯል።

«ትቆያለች» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

ከስሟ ፊት የጻፍኩትን «ደህና» ሰረዝኩ። ከበላይዋ ሌላ «ደህና» ነበር፤ ከእሱም በላይ ሌላ። ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመጀመሪያው ድንኳን ጀመርን። እዚያ ያለችውን ሴት የጠየቅኋት እኔ ነኝ፤ ጫማዬን አውልቄ፣ መሬት ተቀምጬ፣ ስለ እሳት።