ግራው የጾም፣ ቀኙ የፍስክ

ሥራ የጀመርኩት ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር፣ ጎኑ ተቆርጦ መስኮት የወጣለት ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። እኔ ከኋላው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሁለት ማዳበሪያ ድንች ከፊቴ አለ። ማዕረጌ ላጭ ነበር።

ከሰቆጣ ከወጣሁ አራተኛ ቀኔ ነው። ሥራውን ያገኘችልኝ አክስቴ "ምግብ ቤት ነው" ብላኝ ነበር። መኪና መሆኑን ሳይ ነገሩ አልጣመኝም። ምግብ ቤት ጎማ ምን ያደርግለታል፣ ነገር ሲመጣ ሊሸሽ ካልሆነ? ሰዉም አላማረኝም። ሕንፃው ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ካፌ እያለ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ ቆሞ፣ ከወረቀት ላይ ይበላል። ከመብላቱ በፊት ደግሞ ምግቡን ፎቶ ያነሳል። እኛ አገር ፎቶ የሚነሳው ሙሽራ ነው።

ባለቤቷ ራሔል ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። "እትዬ ራሔል፣ እርስዎ" እያልኩ ሳዋራት "እትዬ ብለሽ አሮጊት አታድርጊኝ፣ ሰልፉ ይሰማል" አለችኝ። አላቆምኩም። የምታሠራኝን ሰው አንቺ ማለት ምላሴ እምቢ አለኝ። ስጽፍ ግን እሷ እላታለሁ፤ በጽሑፍ ደፋር ነኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ማዕረግ የሚለካው ለመስኮቱ በመቅረብ ነው። ላጭ ውጭ፣ ጠባሽ መሀል፣ ትእዛዝ ተቀባይ መስኮቱ ላይ። በሁለተኛው ወር ጠባሿ አግብታ ስትሄድ እኔ ወደ መሀል ገባሁ።

ጥልቅ የዘይት መጥበሻዎች ሁለት ነበሩ። ግራው የጾም፤ ድንች ብቻ። ቀኙ የፍስክ፤ በዳቦ ፍርፋሪ የተለወሰ ዶሮ። ለየብቻቸው የሽቦ ጭልፋ አላቸው። ራሔል ስታስረክበኝ ሦስት ጊዜ "ግራና ቀኝ አይገናኙም" አለችኝ። ሦስት ጊዜ በማለቷ ጠረጠርኳት።

ጥርጣሬ የቤተሰብ ሥራችን ነው። አባቴ ሰቆጣ ገበያ ማር ነጋዴ ነው። ማር ሲገዛ ከላይ አይቀምስም። ቀጭን ረጅም እንጨት እስከ ዕቃው ታች ይሰድና ከታች የወጣውን ይቀምሳል። ከላይ ያለው ሁልጊዜ ጥሩ ነው ይላል። ሻጩ አጎቱም ቢሆን እንጨቱን ይዞ ነው የሚሄድ።

ራሔል ደግሞ የጾሙን ሶስ የምታዘጋጀው ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቃት "የቤቱ ሚስጥር" አለችኝ። ሚስጥር ያለው የጾም ምግብ ሰምቼ አላውቅም። በዕረፍት ሰዓቴ ለአባቴ ደወልኩና፣ እሷ አጠገቤ ቆማ፣ ሁሉንም በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነገርኩት፤ ሶሱን፣ ዘይቱን፣ ጀርባዋን።

ስልኩን ስዘጋ ሽንኩርት እየከተፈች "ኽምጣኛ አልችልም" አለችኝ። "ስሜን ግን አምስት ጊዜ ሰምቻለሁ።"

ረቡዕና ዓርብ የማይቀሩ አንድ ደንበኛ ነበሩን። አባባ ተክሌ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር። በጉልበታቸው ዘመን እህል ጭነው ሰቆጣ ድረስ ይመላለሱ ነበርና፣ የዚያ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ ከኔ በቀር የሚያዋሩት አጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያ የጾም ድንች። ሁልጊዜ "የዋግ ልጅ፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው?" ይሉኛል። "ንጹሕ ነው አባባ" ስላቸው ነው የሚቀበሉኝ። ራሔልን አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። የሚበሉት የኔን ቃል አምነው ነበር።

ስለዚህ ቃሌን ማጣራት ነበረብኝ። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ መጥበሻው ሳይለኮስ፣ ምንም ያልነካ አዲስ ረጅም እንጨት በግራው ዘይት ውስጥ ሰደድኩ። ከላይ ጥርት ያለ ነው። ታቹን ስጭረው ቡናማ ፍርፋሪ ተነሳ። ድንች እንዲህ ያለ ፍርፋሪ የለውም። የዶሮው ልባስ ነበር።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ራሔል ስትመጣ እንጨቱን ይዤ ጠበቅኳት። "እትዬ ራሔል፣ እኔ በሌለሁበት ዶሮ በግራው ይጠብሳሉ" አልኳት።

ፍርፋሪውን አየችው። አልተቆጣችም። "ከፍተሽ የምትገቢው አንቺ፣ ቆልፈሽ የምትወጪው አንቺ። እኔ መቼ ልጥበስ?" አለችና ስልኳን አወጣች።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ወጣት ሰልፍ ላይ ሆኖ ቀርጾን ነበር። ቪዲዮውን ብዙ ሰው አይቶት ሰልፋችን በእጥፍ ረዝሟል። እኔም ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም፤ ሰቆጣም ልኬዋለሁ። ራሔል ከፈተችውና በአውራ ጣቷ ፊቴን ሸፈነችው።

"ፊትሽን ጠግበሻል። አሁን እጅሽን እዪ።"

እጄ ጭልፋውን ከቀኝ አወጣ፤ ዶሮውን አራገፈ፤ በዚያው ጭልፋ ግራ ገብቶ ድንች ዛቀ። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። የጾሙ ጭልፋ ከጀርባዬ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ ደረቅ ነው።

እኛ ቤት ጾም ሲገባ የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ይነሳል። ጾምና ፍስክ ባንድ ሰዓት፣ ጎን ለጎን ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። እኛን የሚለይልን ቀኑ ነው፤ እጄ መለየት ተምሮ አያውቅም። ዓይኔ ደግሞ ራሔል ጀርባ ላይ ነበር።

"አባባ ተክሌስ?" አልኳት።

"ዘይቱን እኔ እደፋለሁ። ለሳቸው የምትነግሪው አንቺ ነሽ።" ሰልፉ ከሰማ መኪናውን እስከ መሸጥ ልንደርስ እንደምንችልም ነገረችኝ። ተይው ግን አላለችኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባባ ተራቸው ደረሰ። "የዋግ ልጅ፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው?"

ሽርጤን እንደታጠቅኩ ከመኪናው ወረድኩ። "ዛሬ ንጹሕ ነው አባባ። እስከ ትናንት አልነበረም። የዶሮውን ጭልፋ የነከርኩበት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ።"

ከኋላቸው ያለችው ልጅ ስልኳን አነሳች።

"ስንት ረቡዕ?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። "የኔን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ። አንቺም የራስሽን ተናገሪ" አሉኝና ሳይበሉ ሄዱ። ከሰልፉም አምስት ስድስት ሰው ተከተላቸው። የቀሩት ቀሩ።

ራሔል አላባረረችኝም። በፍስኩ ጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችና እኔን ወደ ባልዲዬ መለሰችኝ። ስልጣኔን ማጣቴ ከነከነኝ፤ ትክክል ግን ነበረች። በሳምንቱ ሶሱን ፊቷን ወደኔ አዙራ ሠራችው። ሱፍ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ። እናቴ የምታውቀው ሱፍ። ይኼን ለመደበቅ ያን ያህል ጀርባ።

አባባ ሦስት ረቡዕ ቀሩ። በአራተኛው፣ ድንች እየላጥኩ፣ "የዋግ ልጅ የት አለች?" ሲሉ ሰማሁ። ራሔል ጠራችኝ። ዘይቱን አልጠየቁኝም። "ጭልፋውን አሳዪኝ" አሉ። በመስኮቱ አቀበልኳቸው። አገላበጡት፤ አሸተቱት።

"ከታች በኩልም ይዩት አባባ" አልኳቸው።

በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው አዩት። ከዚያ እንደ ሌላው ሰው ፀሐይ ላይ ቆመው በሉ። ራሔልም በማግሥቱ እኔን መጥበሻው ጋ መለሰችኝ።

አሁን አገሬ ተመልሼ ሰቆጣ መናኸሪያው አጠገብ፣ የሚገፋ ጋሪ ላይ የራሴን ድንችና ዶሮ እጠብሳለሁ። ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ጭልፋ፤ ቀይ ጨርቅ ያለውን በቀኝ እጄ፣ ሌላውን በግራ እጄ ብቻ እይዛለሁ። ደንበኛ ሳይጠይቀኝ ጭልፋውን አሳያለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይኼን ብቻ ነው፦ ሰው መጠርጠር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጭልፋውን አስቀምጡ።