ጣሳ ውስጥ የጠቆረው አክርማ

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የገብስ እብቅ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ እንደገባሁ አስነጠሰኝ። ከማስተምርበት ክፍል ሲወስዱኝ ጠመኔው በእጄ ነበር። «ለአንድ ጥያቄ» አሉኝ። ጥያቄው ሳይመጣ ሦስት ሳምንት ሞላ።

አብረውኝ ከታሰሩት ሴቶች አንዷ አርብ ገበያ ጠላ የምትሸጥ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። እኔም ትምህርት የጀመርኩት ከወለድኩ በኋላ ነውና ነገሯ ገባኝ፤ በየጠዋቱ በከሰል ወለሉ ላይ እየጻፍኩ አስተምራት ጀመር። «ረ» ላይ ደርሳ ነበር።

ከዚያ ከስማዳ አንዲት ባልቴት አመጡ። ልጃቸው ከስንቃቸው ጋር ለስፌት የሚሆን አንድ እስር የአክርማ ሣር ላከችላቸው። ወስፌ ክልክል ስለሆነ በአጋም እሾህ እየወጉ ሙዳይ መስፋት ጀመሩ። በማግሥቱ ጠላ ሻጯ መኝታዋን ወደ እሳቸው አዛወረች።

«ፊደሉስ?» አልኳት።

«ይደርሳል መምህር። ፊደል እንደሁ እግር የለው፣ የት ይሸሻል!»

ሴቶቹ ሳቁ። ወደ እኔ ልመልሳት ብዬ ስለ ሣሩ ማስረዳት ያዝኩ። በየዓመቱ እንደማይዘራ፣ ከዚያው ከሥሩ እየታደሰ እንደሚኖር፤ ቅጠሉ ለሁለት ታጥፎ ጠባብ እንደሚሆን፤ በጠርዙ ላይ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ነጭ ጸጉር እዚህም እዚያም ጣል ጣል እንዳለበት፤ ዘር የሚይዘው ጫፉ እንደ ጣት ስለሚዘረጋ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ መሆኑን።

«ዘመዱን እንኳ ታውቂው!» አሉ ባልቴቷ። «እኔ የማውቀው ሲነጩት እጅ እንደሚሸረክት ነው።»

ጠላ ሻጯ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች።

ዓርብ ዕለት ወገባቸውን አሟቸው። «የኔ ልጅ፣ የተረፈውን አክርማ ትንሽ ውኃ እፍ በዪበትና በጨርቅ ጠቅልይልኝ፤ ለሰኞ ይለሰልሳል» አሉኝ ቀስ ብለው። በሁለቱ ሰንበት ስፌት አይነኩም። እኔም ሴቶቹ ሲተኙ ጥግ ያለውን ትርፍ ጣሳ ውኃ ሞልቼ እስሩን በሙሉ ዘፈዘፍኩት። እንደሚበሰብስ አውቃለሁ።

ሰኞ ሲያወጡት ጠቁሮ ይሸታል፤ ሲስቡት ይበጠሳል።

«ሁልጊዜ ጣሳ የምትሞዪው አንቺ!» ብለው ሴቶቹ ጠላ ሻጯ ላይ ጮኹባት። «አንቺ ቀልበ ቢስ!»

«እሜቴ ይሙቱ፣ እኔ አልነካሁትም» ብላ ባልቴቷ እግር ሥር ወደቀች። ዝም ብዬ ባልፍ ጠላ ሻጯ ወደ እኔ ትመለስ ነበር። ሌላ የምትሄድበት አልነበራት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ስቼም አይደል፤ እያወቅሁ ነው።»

ባልቴቷ ቀና ብለው አዩኝ። «ለምን?»

«ቀናሁ።»

ጥቁሩን ሣር ጨምቀው ወደ በሩ ገፉት። «እንግዲያው ሌላ እስኪላክልኝ ሥራ አስፈትተሽኛል። ያንን ፊደልሽን ለእኔም አሳዪኝ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባልቴቷ በሳምንቱ ጠላ ሻጯን ቀደሟት።

አሁን ሁላችንም ወጥተናል። ጠላ ሻጯ በየፋሲካው ስማዳ ድረስ እሳቸውን ልትጠይቅ ትሄዳለች አሉ። እኔ ዘንድ አንድ ቀን ጎራ ብላ አታውቅም። ወሬውን በሰማሁ ቁጥር ባሌ ፊቴን አይቶ «አሁንም?» ይለኛል።

«አሁንም» እለዋለሁ።