ያልተረጨው ቤት

ሊጨመር የነበረው የነዳጅ ታክስ ባለበት ይቆይ ሲባል፣ በሸዋ ሮቢት ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሥራዬ ቤት ለቤት የወባ ኬሚካል ማስረጨት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በባጃጅ ነው የምዞረው። ታሪፉ አይጨምርም ሲሉኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። አብሮኝ ከተሳፈረው ሁሉ ጋር ጭማሪውን ላስቀሩት ዕድሜ ይስጣቸው እያልኩ መረቅኩ፤ ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ከወራት በኋላ፣ ርጭቱ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው አለቃዬ ጠራኝ። የኬሚካሉም የረጪዎቹም በጀት የታሰበው ከዚያ ታክስ ጭማሪ ኖሯል፤ ጭማሪው ስለቀረ ገንዘቡም ቀረ አለኝ። ነገ ጠዋት ዕቃችሁን አውጥታችሁ ጠብቁ ብዬ መንደሩን ያስጠነቀቅኩት እኔው ነኛ።

በማግስቱ ማለዳ ወንዝ ዳር ወዳሉት ቤቶች ወረድኩ። አንዲት እናት አልጋውን፣ ማሰሮውን፣ የእህሉን ጆንያ ሳይቀር ደጅ አውጥተው ቤቱን ባዶ አድርገውት ጠበቁኝ። ልጃቸው እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ፣ ከባሏ አገር ከደጋ ወርዳለች። ያን ሁሉ የለፉት እሷን ወባ እንዳይነካት ነው። ርጭቱ መቅረቱን ስነግራቸው አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው ለአራስ ገንፎ ያስፈጩትን ዱቄት ቋጠሩ።

«በል ልጄ፣ መናኸሪያ አድርስልኝ፤ አማቷ ጋ ትውለድ» አሉኝ።

ልጅቷ እናቴ በሌለችበት አልወልድም ብላ አለቀሰች። እናትየው አብረዋት እንዳይሄዱ ደግሞ ማሳ ላይ ያለው ማሾ ለለቀማ ደርሷል። በባጃጅ ወሰድኳት። ታሪፉ እውነትም አልጨመረም።

ደጋ ላይ በሰላም ተገላገለች። እናትየውን ግን በዚያው ሰሞን ወባ ጣላቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ።

ለቅሶ ስደርስ ልጅቷ ከአራስ ቤት ተነሥታ መጥታ፣ ሕፃኑን ታቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሥራዬ ሆኖብኝ አላስችል አለኝ።

«እህቴ፣ ሕፃኑን ይዘሽ እዚህ ቤት አትደሪ» አልኳት።

«እናቴን ላለቅስ መጥቼ የት ልደር?» አለችኝ።

ልትወቅሰኝ አልነበረም። የማውቀው ቦታ ያለ መስሏት፣ ቀና ብላ መልሴን ጠበቀች።