ልጄ ሥራ ስትሄድ

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስመለስ አማቴ የቀኑን ሁሉ ይነግሩኛል። "ዛሬ ደግሞ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ?" ብለው ነው የሚጀምሩት።

ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። እሳቸው ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትለቅማለች፤ ጠጠሩን ትታ ምስሩን ትጥላለች። ከበርጩማ ስትነሳ "ወይ ጉልበቴ" ትላለች። ጎረቤቶች "ቁርጥ አያቷን" እያሉ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ብዙ እንደማላስተምራት አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር እንኳ ከእኔ እንድትወስድ እፈልግ ነበር። እሑድ ቤት ስውል በዓይኔ እከታተላታለሁ። ማበጠሪያዬን ብሰጣት የአያቷን ሽበት ታበጥርበታለች። እሳቸውን "እማ" ትላቸዋለች። እኔን ቤተሰቡ እንደሚጠራኝ በስሜ ነው የምትጠራኝ።

እኔ ስጉ ነኝ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ትኩሳት እንዳይኖርባት ግንባሯን በእጄ ጀርባ እነካለሁ። የግቢው በር ጋ ስደርስ አላምንም፤ ተመልሼ ደግሜ እነካታለሁ። አማቴ ሁልጊዜ "ሂጂ በቃ፣ ሰርቪሱ ያመልጥሻል" ይሉኛል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የዕለቱን ወሬ ሲጨርሱ "ከእኔ ግን ምንም አልወሰደች" አልኳቸው፣ የቀልድ አስመስዬ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ወስዳለች እንጂ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ነገ ስትወጪ በሩን ዘግተሽ ቆዪና ራስሽ እያት።"

በማግስቱ እንደዚያው አደረግሁ። በቆርቆሮው አጥር የምስማር ቀዳዳ አየኋት። ባዶ ፌስታል ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ መጣች። የተቀመጡትን የአያቷን ግንባር በእጇ ጀርባ ነካች። "መጣሁ" ብላ ወደ በሩ መጣች። እኔ ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቆመች፤ ተመለሰችና ደግማ ነካቻቸው። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሏት።

አነካኩ የእኔ ነበር። ግንባሩ ግን የእሳቸው ነው። ከመንገድ የሰርቪሱ ጡሩምባ ሁለቴ ጮኸ፤ አልሄድኩም። በሩን ከፍቼ ገባሁና መሬት ላይ ተቀምጬ ግንባሬን ወደ ልጄ ዘንበል አደረግሁ።

አየችኝ። ፌስታሏን አስተካከለች።

"ሂጂ በቃ፣ ሰርቪሱ" አለችኝ፣ በአያቷ ድምፅ።

አማቴ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ተነሳሁ። ግንባሯን በእጄ ጀርባ ነካሁና ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ተመለስኩ።

ልጄ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ግንባሯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ እየጠበቀችኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ነካኋት። ከዚያ ቀና አልኩና አማቴ እያዩን መሆናቸውን አረጋገጥኩ።